ሞጆ ላይ ያደረ ሕመም

በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛው ሁሉ የሚመኘው አንድ ወንበር ነበረ። ከአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ ተነቅሎ የመጣ፣ ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ መደገፊያው እስከ ትከሻ የሚደርስ ወንበር ነው። ከትኬት መስኮቱ ጀርባ ሆኖ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አቶ ኦላናን ተሸክሟል። አቶ ኦላና በየካቲት መጨረሻ ጡረታ እንደሚወጡ የተሰማ ዕለት የሐዲድ መቀየሪያ ሠራተኛው ቀናው ወደ መስኮቱ ሄዶ፣ ትኬት ሳይገዛ፣ በሰውየው ትከሻ አሻግሮ ወንበሩን አተኩሮ ተመለከተ።

«ምን ፈለግህ?» አሉት አቶ ኦላና።

«ምንም። ደህና አደሩ ወይ ልል ነው።»

«ደህና አድሬያለሁ። ወንበሩም ደህና አድሯል።»

የቀናው ምኞት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ከጣቢያው ወዲያ ካለችው የቆርቆሮ ዳስ አጠገብ ቆሞ፣ ባቡር በመጣ ቁጥር የመቀየሪያውን የብረት ዘንግ ሲጎትት ኖሯል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ከወገቡ ተነሥቶ በቀኝ እግሩ ቁልቁል የሚወርድ ሕመም ያዘው። የጫማውን ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር ስላቃተው ሚስቱ ዳሲቱ በየጠዋቱ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ ታስርለታለች።

ሌላ ሰው ቢሆን «አመመኝ» ብሎ ያልፈዋል። ቀናው እንዲህ ያለ ልቅ አነጋገር አይወድም። ባቡር «ዘገየ» አይልም፤ «አርባ ሰባት ደቂቃ ዘገየ» ይላል። ከኪሱ በማትለየው ጥቁር ደብተር ላይ ያለፈ ባቡር ሁሉ ከነደቂቃውና ከነፉርጎው ቁጥር ተጽፏል። እንዲጽፍ ያዘዘው ሰው የለም፤ የጻፈውንም የሚያነብለት የለም። ሕመሙንም እንደዚሁ በሚያውቀው መለኪያ ለካው፤ በጣቢያ። ወገቡን አቃቂ አለው። ዳሌው ዱከም፣ ጭኑ ደብረ ዘይት፣ ጉልበቱ ሞጆ፣ ተረከዙ ናዝሬት ሆኑ። ዳሲቱ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስትለው፣

«ሞጆ አደርኩ» ይላታል።

«ናዝሬት ከዘለቅህ ብርቱካን ይዘህልኝ ና» ትለዋለች፤ የጫማውን ክር እያሰረች።

የትኬት መስኮቱ ለማን እንደሚሰጥ የታወቀ ነበር። በኩባንያው ደንብ ቀላል ሥራ የሚገባው፣ ከባድ ሥራ ላይ ቆይቶ ሕመሙ በጤና ፉርጎው፣ በሐዲድ በሚዞረው የኩባንያው ክሊኒክ፣ ወረቀት ለተረጋገጠለት ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ሥራው በአገልግሎት ዘመን ለሚቀድመው ጤነኛ ይሰጣል፤ እሱም የጭነት ሠራተኞች አለቃ ተሰማ ነው። ተሰማ ታሞ አያውቅም። የቡና ጆንያ ትከሻው ላይ እንዳለ ቆሞ የሚያወጋ፣ ወሬው ሳያልቅ ጆንያውን የማያወርድ ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነበር፤ ቀናው ወረቀቱን ካገኘ ወንበሩ የሱ ነው፣ ካላገኘ የተሰማ ነው።

ነጩ የጤና ፉርጎ በየሦስት ወሩ ከድሬዳዋ ይመጣል። በኅዳር ሲመጣ ቀናው ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ነበር። በውስጡ ያሉት ድሬሰር አያና ናቸው፤ ከኩባንያው ሐኪሞች ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርተው ፀጉራቸው እንደ ፉርጎው የነጣ፣ ፊርማቸውን ኩባንያው የሚያምነው ሰው።

«የት ላይ ነው የሚያምህ?»

«ዛሬ ሞጆ ነው፣ ጋሽ አያና።»

ሰውየው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ቀናው መስመሩን ከአቃቂ እስከ ናዝሬት በገዛ እግሩ ላይ በጣቱ እያወረደ አስረዳቸው። ድሬሰር አያናም ዕድሜያቸውን በዚሁ መስመር ላይ የጨረሱ ናቸውና ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገውም። አስተኝተው እግሩን አነሡ፤ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉ፤ አከርካሪውን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ።

«እንግዲህ ቀላል ሥራ ይጻፉልኝ» አለ ቀናው ሸሚዙን እየከተተ።

«የትኛውን ቀላል ሥራ?»

«የትኬት መስኮቱን።»

«እ! ቀዩ ወንበር!» አሉ ድሬሰር አያና። የወንበሩ ዝና ድሬዳዋም ደርሶ ኖሯል። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ይጽፉ ጀመር። ቀናው ፊርማውን ሲጠብቅ ጽሑፉ እየረዘመ ሄደ፤ ጭራሽ ወደ ወረቀቱ ጀርባ ተሻገረ።

«ይህ ጂምናስቲክ ነው» አሉት። «ሦስት ወር ትሠራዋለህ። የካቲት ላይ ስመጣ ያው ከሆንክ በገዛ እጄ እፈርምልሃለሁ። ካልሠራኸው አልፈርምም። ሳትሠራ ሠራሁ ካልከኝ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ አልፈርምልህም።»

ወረቀቱ ላይ አራት እንቅስቃሴዎች ነበሩ። በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት ስቦ እስከ ዐሥር መቁጠር፣ ከዚያ ሌላውን። ጉልበት አጥፎ ተኝቶ ዳሌን ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥ፣ መልሶም ወደ ታች ማጎድጎድ። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንደሚቀመጥ ሰው ወደ ታች መንሸራተትና መነሣት። ከሥር ምክር ተጨምሯል፤ ዕቃ ስታነሣ ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አትስበር፤ ዘንጉን በጀርባህ አትጎትት፣ አንድ እግርህን አስቀድመህ በመላ ሰውነትህ ግፋው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቀመጥ፤ ማታ ማታ ተራመድ፤ ከፍራሽህ ሥር ሳንቃ አድርግ። በአቃቂ በኩል ያን ጊዜ በቀን የሚያልፉት ሦስት ባቡሮች ስለነበሩ፣ ድሬሰር አያና «በቀን ሦስት ጊዜ» በማለት ፈንታ የሐዲድ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፉለት፤ «ከየባቡሩ በኋላ አንድ ጊዜ።»

ቀናው ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተ። በልቡ የወሰነው ግልጽ ነበር። መሬት ላይ መንከባለል ወገብ የሚያድን ቢሆን የአቃቂ አህያ ሁሉ ጭነት ባልከበደው ነበር። ጂምናስቲኩ እንደማይሠራ ጥርጥር የለውም። ይህን የሚያረጋግጠው ግን አንዳች ሳያጓድል ከሠራው ነው፤ አንድ ቀን ቢዘል ሰውየው «ስለዘለልህ ነው» ይሉታል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ማንም ሠርቶት በማያውቀው ጥንቃቄ ይሠራዋል፤ እየሠራም ክሽፈቱን በደቂቃ በደቂቃ ይመዘግባል። የካቲት ላይ ደብተሩን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቶ፣ «ይኸው» ይላቸዋል።

በማግሥቱ ሊቶሪና የሚባለው የጠዋቱ የመንገደኛ ባቡር እንዳለፈ ከዳሱ አጠገብ ባዶ ጆንያ አንጥፎ ጀመረ። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ፣ ተንበርክኮ ጀርባውን ሲያጎብጥ፣ ተሰማ ከመጋዘኑ በር አየው።

«ቀናው! ድመት ከሆንክ ምነው መጋዘን አትገባም? አይጥ ፈጀን እኮ!»

የጭነት ሠራተኞቹ ሳቁ። ቀናው እስከ ዐሥር ቆጥሮ ሳይጨርስ አልመለሰም።

«ሳቅ። የካቲት ላይ ቁጭ ብዬ ትኬት ስቆርጥልህ እንተያያለን።»

«እንግዲህ ሰልፍ እንዳታስይዘኝ። ባይሆን ወተት አመጣልሃለሁ።»

ከዚህ የባሰው ተሳፋሪው ነበር። የማታው ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሞ መንገደኛ ሲያወርድ፣ ቀናው ጂምናስቲኩን የሚጀምረው የመጨረሻው ፉርጎ ዘንጉን እንዳለፈ ነውና ጆንያው ላይ በጀርባው ተዘርሯል። አንዲት አሮጊት ከሦስተኛ ማዕረግ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ኸረ የወደቀ ሰው! ኸረ ባቡሩ ገጨው!» ብለው ጮኹ። ቀናው ጉልበቱን እንዳቀፈ ቀና አለ።

«እናቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

ቤትም ቢሆን ሰላም አልነበረም። ሳንቃው ከፍራሹ ሥር በገባ በሦስተኛው ቀን ዳሲቱ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ታማሚው አንተ፣ ሳንቃ ላይ የምተኛው እኔ! የኔን ወገብ ደግሞ የትኛው ፉርጎ ነው የሚያየው?»

«ሦስት ወር ነው፣ ዳሲቱ። ከዚያ እኔ ወንበር ላይ፣ አንቺ ፍራሽ ላይ።»

ታኅሣሥ ሲገባ ያልታሰበ ነገር መጣ። የዚያ ዓመት ቡና የበረከተ ነበርና ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ጭነት ለማንሣት ተጨማሪ የዕቃ ባቡሮች ተመደቡ። በአቃቂ የሚያልፈው ባቡር በቀን ከሦስት ወደ አምስት፣ ከገና በኋላ ደግሞ ወደ ሰባት ከፍ አለ። ወረቀቱ «ከየባቡሩ በኋላ» ነው የሚለው። ቀናው በመጀመሪያው ቀን አራተኛው ባቡር ሲያልፍ ቆሞ አሰበ። ወረቀቱን አውጥቶ እንደገና አነበበው። ከዚያ ጆንያውን አነጠፈ።

«ሦስት ጊዜ ማለታቸው ነው እኮ፣ አንተ ሰው!» አለችው ዳሲቱ ላቡን ስታይ። «ዝለለዋ!»

«ዳሲቱ፣ ያለፈ ባቡር አላለፈም ይባላል?»

መልሱ ለራሱ ግልጽ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት በሥራው ላይ አንድም ባቡር ሐዲዱ ሳይቀየርለት አላለፈም። ጂምናስቲኩም አንድ ጊዜ ከባቡሩ ጋር ከተያያዘ ተያያዘ ነው። በቀን ሰባት ጊዜ ተኛ፣ ሰባት ጊዜ ጎበጠ፣ በዳሱ ቆርቆሮ ላይ ሰባት ጊዜ ተንሸራተተ፤ የኮቱ ጀርባም የቆርቆሮውን መስመር ይዞ ቀረ።

ደብተሩ ግን እሱ ያሰበውን አልጻፈም። ታኅሣሥ ዐሥር ላይ «ሞጆ» ይላል። ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ላይ «ደብረ ዘይት፤ ሞጆ ሳይደርስ ቀረ» ይላል። ቀናው ይህን በብርድ ምክንያት ነው ብሎ አለፈው። ጥር ሦስት ላይ «ዱከም» ብሎ ከጻፈ በኋላ ብዕሩን እንደያዘ ፈዘዘ። ሕመሙ ጣቢያ በጣቢያ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር። በሕይወቱ ሲድን የደነገጠ ሰው አይቶ አያውቅም፤ አሁን ግን ራሱን አየ።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ጠዋት ከቤት ሊወጣ ሲል ዳሲቱ ደጃፉን ተደግፋ ስትስቅ አገኛት።

«ምን ያስቅሻል?»

«እግርህን እየው።»

አየ። ጫማው ታስሯል። ማን እንዳሰረው ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት፤ ራሱ ነበር ያሰረው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ስለ ባቡር እያሰበ። ቀናው ፊቱ ጠቆረ። እንደገና ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ክር ፈታና እግሩን ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

«እሰሪልኝ።»

«እኔ?»

«ወረቀቱ እስኪፈረም ታማሚ ነኝ።»

«እንግዲያው ታማሚው፣» አለች ዳሲቱ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ጎንበስ ማለትህ ካልቀረ እግረ መንገድህን ያንን የውኃ ጣሳ አቀብለኝ።»

የካቲት ደረሰ። የጤና ፉርጎው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቀናው ከሰዓት በኋላ ባቡር በሌለበት ሰዓት ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ነገሩን መዘነ። ደብተሩን ካላሳየ «አልሠራህም» ተብሎ ወረቀቱ ይቀራል። ካሳየ ደግሞ ደብተሩ ራሱ ይመሰክርበታል። መንገዱ አንድ ነበር። ከጣቢያው ማዶ ካለው ሱቅ አዲስ ደብተር ገዝቶ ነበር፤ ከፈተውና በመጀመሪያው መስመር ላይ «ኅዳር 14፤ ናዝሬት» ብሎ ጻፈ።

ተመለከተው። ጽሑፉ የሱ ነው፣ ቀለሙ የሱ ነው፣ ኅዳር ዐሥራ አራት ላይ ግን ሕመሙ ናዝሬት አልነበረም፤ ሞጆ ነበር። ሁለተኛውን መስመር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕሩን አስጠጋ። ያልመጣ ባቡር መጣ ብሎ ጽፎ የማያውቅ እጅ አሻፈረኝ አለው። ቀዩን ወንበር አሰበ፤ መደገፊያውን፣ መስኮቱን፣ ሰልፉን። እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ «ናዝሬት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «ሞጆ» ብሎ አረመ፤ አርሞም ሲያበቃ በተናደደ ድምፅ፣ «ለዚህ ለዚህማ አሮጌው ደብተር ምን አለው!» አለ፤ ለራሱ።

ፉርጎው በመጣ ዕለት ድሬሰር አያና አሮጌውን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ አነበቡ። አንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀናው በሩ አጠገብ፣ ለማነከስ ተዘጋጅቶ መጥቶ ማነከሱን ረስቶ ቆሟል።

«በቀን ሰባት ጊዜ?»

«ባቡሩ ሰባት ነበር።»

«ሦስት ማለቴ ነበር እኮ።»

«እንደሱ አልጻፉም።»

«አልጻፍኩም፤ እውነትህን ነው።» ገጽ ገለጡ። «ሕመሙ አሁን የት ደረሰ?»

«ባለፈው ሳምንት አቃቂ ነበር።»

«ዛሬስ?»

ቀናው ወደ በሩ ዞረ። ከውጭ የጭነት አለቃው ሳቅ ይሰማል።

«ዛሬ… አልመጣም።»

«ዘግይቶ ነው ወይስ ተሰርዞ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሐዲድ ሰው ሲቀርብለት መዋሸት አይችልም። ቀናው ወለሉን እያየ፣ «ተሰርዞ ነው መሰለኝ» አለ።

ድሬሰር አያና ማኅተሙን አነሡ። «ለማንኛውም ሥራ ብቁ» ብለው ጻፉና በደስታ እጁን ጨበጡት። ሠላሳ ዓመት ጂምናስቲክ ሲያዙ፣ እንደታዘዘው የሠራ አንድ ሰው አሁን ገና ማግኘታቸው ነበር። ያ ሰው ከፉርጎው ሲወርድ ፊቱ ለቅሶ ቤት የደረሰ ይመስል ነበር።

በመጋቢት አንድ ተሰማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መደገፊያው ላይ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ካለ በኋላ መስኮቱን ከፍቶ የመጀመሪያውን ድምፅ አሰማ፤ «ቀናው! ና ትኬት ልቁረጥልህ! ሰልፍ የለም!» ቀናው ሄዶ ዘንጉን ጎተተ፤ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ በመላ ሰውነቱ፤ ምንም ሳያመው። ይህም አናደደው። ጆንያውን ግን አነጠፈ። «ሦስት ወር» የተባለው አልፏል፤ ይሁንና ወረቀቱ ላይ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልተጻፈም።

ተሰማ ከመስኮቱ ጀርባ ለመነሣት ምክንያት አልነበረውም። ትኬቱ በቀኝ፣ ሳንቲሙ በግራ፣ ምሳው በመሳቢያው ውስጥ፣ ሻይ ከጣቢያው ሻይ ቤት በመስኮቱ በኩል ይገባለታል። ጠዋት በአንድ ሰዓት ተቀምጦ ማታ በዐሥራ ሁለት ይነሣል። ለፋሲካ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ጨመረ። በሚያዝያ አጋማሽ ቀናው ከመስኮቱ ጀርባ የወንበሩን ጩኸት፣ ተከትሎም «ውይ እናቴ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ከሳምንት በኋላ ተሰማ ግድግዳውን በእጁ እየያዘ ወደ ቆርቆሮ ዳሱ መጣ።

«ቀናው፣ ወንድሜ…»

«ወተቱን አመጣህ?»

«ተወኝ ባክህ። ተረከዜ ድረስ ነው የወረደው።»

«ናዝሬት!» አለ ቀናው፤ ሳይፈልግ አዘነለት። የጂምናስቲኩን ወረቀት ከደብተሩ አውጥቶ ሰጠው። ተሰማ ግን እየታመመ በቀን ሁለት ጊዜ እንኳ አልሠራም፤ ጆንያው ያሳክከኛል፣ ሰው ያየኛል እያለ።

ግንቦት ላይ ድሬሰር አያና መረመሩት።

«ቀላል ሥራ ይጻፉልኝ» አለ ተሰማ እያቃሰተ።

«ከወንበር የቀለለ ምን አለ? መተኛት ነው፤ ለመተኛት ደግሞ ኩባንያው ቦታ የለውም።» አሰቡ፤ ከዚያ ለጣቢያው ሹም ሁለት መስመር ጻፉ። ተሰማ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እየቆመና እየተራመደ የሚሠራበት ቦታ ይዛወር፤ ዘንጉንም ትክክለኛውን አጎታተት የሚያውቅ ሰው ያስተምረው። ምትኩ ያው የሚያስተምረው ሰው ይሁን።

እንዲህ ሆኖ ቀናው ታሞ ያጣውን ወንበር ጤነኛ ሆኖ አገኘው።

በመጀመሪያው ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ። ወንበሩ ከጠበቀው በላይ ይመች ነበር። ሊቶሪናው መጣ፣ ሄደ፤ ቀናው በደስታ ጂምናስቲኩን ረሳ። የዕቃ ባቡሩም መጣ፣ ሄደ። አራት ሰዓት ላይ መሳቢያውን ለመዝጋት ዞር ሲል ዳሌው ላይ አንድ የሚያውቀው ነገር ቆነጠጠው። ደብተሩን አወጣ። «ዱከም» ብሎ ጻፈ፤ ሰዓቱንም ጨመረ። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን እየገፋ ወደ ጥግ ወሰደው፤ መስኮቱን ለአምስት ደቂቃ ዘጋና ጆንያውን አነጠፈ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአቃቂ ትኬት ቆራጭ ቆሞ ነው የሚሸጠው። ባቡር ባለፈ ቁጥርም መስኮቱ ይዘጋል፤ ሰልፈኛው መጀመሪያ ይሳደብ ነበር፣ በኋላ ለመደው።

ሰኔ መግቢያ ላይ ዳሲቱ ዱከም ወዳሉ ዘመዶቿ ልትሄድ መጥታ ወደ ውስጥ ዘለቀች። ወራት ሙሉ የጫማ ክር ያሰረችለትን፣ ስድስት ወር ሳንቃ ላይ የተኛችለትን ወንበር ጥግ ላይ ኮፍያ ተሰቅሎበት አየችው። ኮፍያውን አንሥታ ባሏ እጅ ላይ አኖረችና ተቀመጠች። መደገፊያውን በእጇ ዳሰሰች።

«ይመቻል» አለች።

«ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቀመጪበት።»

«ባቡሩ እስኪመጣ ነው።»

ቀናው ትኬቷን ቆረጠ። ባቡሩ የዚያን ቀን አንድ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገየ። ዳሲቱ ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዲቷንም ደቂቃ ሳታባክን ተቀመጠችበት።